በአንሶላ የተጠቀለለው ራስ

ሄድቪግ ጆሮ ትለጥፍ ነበር። ጆሮው የበር ያህል ነው። አጥንቱ ከሽቦ ወንፊት ተቆርጦ ተጠማዟል፤ እሷ የጋዜጣ ቅዳጅ በዱቄት ሙጫ እየነከረች፣ በሁለት ጣቶቿ መሃል እያሳለፈች ትርፉን ትጨምቅና ከላይ ወደ ታች ታስተኛዋለች። አንዱ ቅዳጅ የሌላውን ግማሽ መሸፈን አለበት። እሷ ዘንድ ግማሽ ማለት ግማሽ ነው። እኔ ትንሽ ካሳነስኩ ምንም ሳትናገር ትነቅልና እንደገና ትለጥፈዋለች።

"ኦቲሊ፣ ሙጫሽ ቀጥኗል" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ዱቄቱ ነው።"

"ዱቄቱ ምን አደረገሽ? ማማሰያውን ጥለሽ ወሬ ስትሰሚ ነው እንጂ።"

እውነቷን ነበር። ከመጋዘኑ በር አጠገብ የቅበላ ሰልፍ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ኤቫልድ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ቆሟል። ፖሊሷ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የታሸገ የዛቻ ደብዳቤ ይዛለች፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሲመጣ ስቀናል። ሁለተኛው ላይ የመጋዘኑ አድራሻ ከነቁጥሩ ተጽፎ ነበር። ሦስተኛው ላይ ምን እንዳለ ኤቫልድ ሊነግረን አልፈለገም። ግን ቆቡን አውልቆ እንደገና ሲያደርግ፣ እንደገና ሲያወልቅ አይቻለሁ።

የእኛ ከተማ በራይን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፆም ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላ ሰኞ፣ በትራክተር በሚጎተቱ ጋሪዎች ላይ ግዙፍ አሻንጉሊቶች ጭነን በዋናው መንገድ እናልፋለን። የምንቀልደው በትልልቆች ነው፤ በሚኒስትሩም፣ በከንቲባውም፣ በጳጳሱም። ሄድቪግ ራስ ሠሪያችን ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከንቲባዎቹን አፍንጫ ሁሉ በእጇ ሠርታዋለች። አንዱ ከንቲባ መንገድ ላይ አግኝቷት "ወይዘሮ፣ አፍንጫዬን አስረዘሙት" ቢላት፣ "ጊዜ ይስጡት፣ ይደርሳል" ብላዋለች። ይህን ያወራው ራሱ ከንቲባው ነው። እሷማ የተናገረችውን ደግማ የምታወራ ሰው አይደለችም።

ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ለሆቴሎች አንሶላ ስትተኩስ ኖራ፣ ቤቱ ሲዘጋ ጥቂት አሮጌ አንሶላዎች ተሸክማ ወጣች። ጥጋቸው ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ ቁጥር አለባቸው። ባሏ ከሞተ በኋላ የደብራችንን የመሠዊያ ልብስ አጥቦ መተኮስ የእሷ ሆነ፤ አንድም ፋሲካ አሚዶው አልጎደለም። እሑድ ቅዳሴ አይቀርባትም። ሰው "እንዴት ሁለቱን ታስማሚያለሽ?" ሲላት "ልብሱም ነጭ ወረቀቱም ነጭ" ብላ ታልፈዋለች።

የዘንድሮው ጋሪ ቅዱስ ጴጥሮስ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ የመንግሥተ ሰማያትን ቁልፍ ከጀርባው ደብቋል፤ እግሩ ስር የትንንሽ ልጆች ጫማ ተከምሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ስንት ዓመት የደበቀችውን፣ ካህናቱ በልጆች ላይ ያደረጉትን፣ አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ጫማዎቹን ከየቤታችን አመጣን። አንዱ ጥንድ፣ ቡናማው፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ከሄድቪግ ቤት ነው የመጣው። የማን እንደነበረ አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሟ አሎይስ በዘጠኝ ዓመቱ በቅዳሴ ላይ ያገለግል ነበር። በአሥር ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብሎ እስኪሞት ድረስ አልገባም። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከአንሶላው ነው። መጋዘናችንን የሚያሞቀው አንድ ምድጃ ብቻ ነው። በምድጃው በኩል ያለው ፊት ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሄድቪግ ከማጠቢያ ቤቱ የያዘችውን ብልሃት አምጥታ፣ የአሻንጉሊቱን ራስ በእርጥብ አንሶላ እስከ ግንባሩ ጠቅልላ ቀስ እያለ እንዲደርቅ ታደርገዋለች። ሌላ ከተማ እንዲህ የሚያደርግ የለም። እና አንድ ቀን፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ አንድ ሰው የቆሻሻ ገንዳ ላይ ቆሞ በላይኛው መስኮት ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ የሚታየው ረጅም ጢም ነው፤ ከጢሙ በላይ ነጭ ጥቅል።

በሁለት ቀን ውስጥ ፎቶው ከተማ ለከተማ ዞረ። ጥምጣም ነው አሉ። በእስላሞቹ ነቢይ ሊያሾፉ ነው አሉ። ከዚያ ደብዳቤዎቹ ጀመሩ።

"እኔ ገብቼ አይቻለሁ" አለች ፖሊሷ ሦስተኛውን ደብዳቤ ይዛ የመጣች ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ጴጥሮስ መሆኑን አውቃለሁ። ለጋዜጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ስጡና ነገሩ ይብረድ።"

"ከሰኞ ጠዋት በፊት ጋሪውን ከሸፈነው ሸራ ስር ያለውን አንናገርም" አለ ኤቫልድ። "አባቴም አልተናገረም።"

"አባትህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት ነበር?"

"አልደረሰውም።"

እዚህ ላይ ስለ መሐላው ልናገር። በኅዳር ሥራ ሲጀመር እያንዳንዳችን ቀኝ እጃችንን ሙጫው ባልዲ ውስጥ እስከ አንጓችን እንነክራለን፤ ሊቀ መንበሩ "አፋችሁ እንደ እጃችሁ ይጣበቅ" ይላል፣ እኛም "ይጣበቅ" እንላለን። ከዚያ ቢራ ይጠጣል። ቀልድ ነው። ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያፈረሰው ሰው አላየሁም፤ ለባሎቻችን እንኳ አንነግርም።

ፖሊሷ ስትሄድ ሄድቪግ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ኤቫልድ ሄደች።

"ንገራቸው" አለችው።

"አንቺም?"

"አንሶላው የእኔ ነው፣ ኤቫልድ።"

"አንሶላሽን ማን ከሰሰው? ስሚኝ። ዛሬ 'አይዟችሁ፣ የእናንተ አይደለም' ካልን፣ የእናንተ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ተገቢ ነበር ማለታችን ነው። ለከርሞ ደግሞ ፈቃድ ልንጠይቅ ነው። ማንን? የደብዳቤውን ጸሐፊ? አድራሻ እንኳ አልጻፈም።"

"ሰው ቢሞትስ?"

"ሰው አይሞትም።"

"በምን አወቅህ?"

ኤቫልድ ዕድሜውን ጣራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ከፍታ አይፈራም። ወደ ጣራው አየና "አላውቅም" አለ።

አትክልት ነጋዴው ኑረቲን ሄድቪግ ቤት የመጣው በማግሥቱ ሐሙስ ነው። የአትክልት ሱቁ ሰልፉ በሚያልፍበት መንገድ መሃል ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቅበላ ሰኞ ከሱቁ ፊት ጠረጴዛ አውጥቶ ለሰልፈኛ ሁሉ ትኩስ ሻይ ያቀርባል፤ ለእኛም ሥራ ሲበዛብን በካርቶን ቦምቦሊኖ ያመጣልናል። እሱ ራሱ ጣፋጭ አይወድም፤ ዱቄት ስኳሩ እጁን እንዳይነካው በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው። ሄድቪግን እንደ አገሩ ሰው እንደ ታላቅ እህት ቆጥሮ "እትዬ" ነው የሚላት።

በኩሽናዋ ውስጥ የመሠዊያውን ልብስ ፆሙ ለሚገባበት ለአመድ ረቡዕ እየተኮሰች ነበር። ሦስት ሜትር ስለሚሆን ሌላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ኑረቲን ከረጢት ሎሚ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባ፣ ብርድ ታስገባለህ" አለችው።

"አልቀመጥም፣ እትዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይበሉኝ።"

"ምን?"

"ከሸራው ስር ያለው የኛ ነው?"

ሄድቪግ ካውያውን ልብሱ ላይ እንዳሳረፈችው ቀረች።

"እጄን ነክሬያለሁ፣ ኑረቲን።"

"አውቃለሁ። ሙጫውን አውቀዋለሁ፤ ቦምቦሊኖ ሳመጣ ስንቴ ጫማዬ ላይ ፈሷል። ግን ይስሙኝ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች 'አንተ ታውቃቸዋለህ፣ ጠይቃቸው' ይሉኛል። በዚህ በኩል ደግሞ ደንበኞቼ ቲማቲም እየመረጡ ፊቴን ይመረምራሉ። ትናንት መዝጊያዬ ላይ 'ደብዳቤውን የጻፈውን ታውቀዋለህ' ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። እኔ የምጽፈው የድንች ዋጋ ነው፣ እትዬ! እሱንም ሚስቴ ሳቢሃ ናት የምታርመኝ።"

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እኔም ጫፌን ይዤ ወለሉን አያለሁ። እኔም የነከርኩ ነኝ፤ ግን የጠየቀው እኔን አልነበረም፤ በዚህም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ዝምታም መልስ ነው" አለ በመጨረሻ። ሎሚዎቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ነው የተቃጠለ ጨርቅ የሸተተን። ካውያውን ስታነሳ የአውራ ጣት የሚያህል ቢጫ ምልክት ልብሱ ላይ ቀርቷል። ይህ በሄድቪግ እጅ ሆኖ አያውቅም። ከሎሚዎቹ አንዱን ለሁለት ቆርጣ ምልክቱን አሸችው፣ መስኮቱ ላይ አሰጣችው፣ ተቀመጠች።

"ወደ እኔ ነው የመጣው" አለችኝ። "ወደ ኤቫልድ አልሄደም። ወደ ቄሱ አልሄደም።"

ዓርብ ጠዋት አብረን ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ኑረቲን የሽንኩርት ሣጥን እያወረደ "ምን ልስጥዎት?" አላት፤ "እትዬ" አላለም።

"ጴጥሮስ ነው" አለችው።

"ምን አሉኝ?"

"ቅዱስ ጴጥሮስ። የኛው። ቁልፍ ያለው።"

ሣጥኑን ለቀቀው። "ጥምጣሙስ?"

"አንሶላ ነው። የኔ። ጥጉ ላይ ቁጥር አለው፣ አርባ አንድ።"

በሣጥኑ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሚስቱ ሳቢሃ ከጓሮ ብቅ ብላ "ምን ነካው?" አለች። "አርባ አንድ ቁጥር አንሶላ!" ይላል። "አገር ለአገር የተሰደብነው በሆቴል አንሶላ ነው!" ሳቢሃ ቲማቲሙን እየጠረገች "አንተ ደግሞ ስትስቅ ሰው ይሰማል" አለችው። እሷ አልሳቀችም።

ሄድቪግ ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ "የእናንተ ቢሆን ኖሮስ?" አለችው።

ሳቁ ቆመ። የሽንኩርት ቅጠል አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመረ።

"ያመኝ ነበር" አለ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ በጣም ያመኝ ነበር። ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ እቀመጥ ነበር። እርስዎንም አንድ ወር አላናግርም ነበር። ከዚያ ሽንኩርት ሊገዙ ይመጡ ነበር።"

"አንድ ወር?"

"እሺ፣ ሁለት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን? ከዚህ በላይ ምን አለ?" አለ። ቀጥሎም "ልናገረው፣ እትዬ? ስምዎን አላነሳም። መስጊድ ያሉትም፣ መዝጊያዬ ላይ የጻፈውም ይስማ" አላት።

ሄድቪግ እጇን አየች። ጥፍሯ ስር ሁልጊዜ ትንሽ የደረቀ ሙጫ አይጠፋም። የመጋዘኑን ሰው ሁሉ፣ ኤቫልድን፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ፤ ስታስብ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ታስገባለች።

"ተናገር" አለችው።

ይህችን አንድ ቃል እኔ ሰምቻለሁ፤ ሳቢሃም ሰምታለች።

ኑረቲን ስልኩን የሎሚ ሣጥን ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ቀርጾ በኢንተርኔት ለቀቀ፤ መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእኛ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ከሸራው ስር ያለው የክርስቲያኖቹ ጴጥሮስ መሆኑን፣ የምናሾፈው በራሳችን መሆኑን ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ኑረቲን ሲመዝን እንኳ አንድ ፍሬ የሚጨምር ሰው ነው። "የኛም ቢሆን ኖሮ ቤቴ እቀመጥ ነበር እንጂ ማንንም አልነካም ነበር። ደብዳቤ ጸሐፊው ይስማኝ፤ በኔ ስም አትጻፍ" አለ።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ላይ የነበረውን ጽሑፍ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው አጥፍቶለት አገኘው። የመስጊዱ ሽማግሌዎች መጥተው ሻይ ጠጡ። ለአንድ ቀን ያህል የበረደ መሰለን።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድቪግ ካሮት ልትገዛ ስትገባ ስልኩን አሳያት። "ከሃዲ ብለውኛል፣ እትዬ። ከየት እንደሆነ ያዩልኝ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው! ጎረቤቶቼ እንኳ እንዲህ አያስታውሱኝም።" እየሳቀ ነው የሚያወራው። ግን ካሮቱን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ሁለቴ ወደቀበት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ስታነሳለት ቆየች።

"ለፖሊስ ንገር።"

"ነግሬያለሁ። ሰኞ ሱቅህን ዝጋ አሉኝ።"

"ዝጋዋ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻይ ያቀረብኩ ሰውዬ ዛሬ ብቀር፣ ያ መዝጊያዬ ላይ የጻፈው ሰው ምን ይላል? 'አላልኳችሁም' ይላል። እርስዎስ እኔ ቤት እንድቀመጥ ነው ጴጥሮስን የነገሩኝ?"

ከሰዓት በኋላ መጋዘን ተጠራን። የነገረው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቃል። ኤቫልድ ጠረጴዛው ላይ በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውኃና ሳሙና አስቀምጦ ነበር። መሐላ ያፈረሰን ሰው ከማኅበሩ የማስወጣት እንዲህ ያለ ሥርዓት እንዳለን ከሽማግሌዎች ሰምቻለሁ እንጂ ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

"ሄድቪግ፣ እጅሽን ታጠቢ" አላት።

ታጠበች። እንደ ሁልጊዜዋ ነው የታጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ጥፍሯን በጥፍሯ እየፋቀች። ውኃው ነጣ። ፎጣ ያቀበላት ራሱ ኤቫልድ ነው፤ ዓይኑን ሸሸት አድርጎ።

"ሰኞ ከጋሪው ጋር አትሄጂም።"

"እሺ።"

"ምን እንደሚወጣ ሰው ሁሉ ካወቀ ቀልዱ ሞተ፣ ታውቂያለሽ።"

"ይሙት። ጴጥሮስ ግን ይወጣል?"

"ከሞትኩ በቀር" አለ ኤቫልድ።

"እንግዲያው ዛሬ አንሶላውን አንሱለት። ከግራ ጆሮው ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ።" ይህን ብላ ካፖርቷን ለበሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ክሌመንስ በር ላይ ጠበቃት። ክሌመንስ ሻማ ሲያጠፋ እንኳ የሚቆጣ ሰው ነው።

"በዚያ እጅሽ ነው የቅዱሱን ጢም የለጠፍሽው?"

"በዚህ እጄ ነው።"

"የመሠዊያውን ልብስ በምትተኩሺበት?"

"በየተራ፣ ክሌመንስ። ታጥቤ።"

"ሰኞ ልብሱን አምጪልን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

እንግዲህ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ቦታ እጇን ሰበሰበች። መንገድ ላይ ስንሄድ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ቢጫው ምልክት ለቋል። ሎሚው ጥሩ ነበር።"

ሰኞ ጠዋት ብርድ ነበር፤ በረዶ ግን አልጣለም። ሄድቪግ የታጠፈውን የመሠዊያ ልብስ በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልላ በቅርጫት ያዘች፤ እኔም ጋሪውን ትቼ አብሬያት ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኑረቲን ሱቅ አለፍ ብሎ ነው። ሱቁ ጋ ስንደርስ መንገዱ ለሰልፉ ተዘግቶ ነበር። ኑረቲን ጠረጴዛውን አውጥቷል፤ ሳቢሃ ከውስጥ ውኃ ታፈላለች። ሰውየው ብቻውን ብርጭቆ ሲደረድር ባየችው ጊዜ ሄድቪግ ቅርጫቷን ጠረጴዛው ስር ከተተችና መደርደር ጀመረች።

"ልብሱስ?" አልኳት።

"ሰልፉ ሲያልፍ አደርሰዋለሁ።"

የመጣው ሕዝብ የሌላ ጊዜውን ግማሽ አይሆንም። የመጣውም እርስ በርሱ ይተያያል። በቅበላ ሰኞ ሁሉም ሰው ፊቱን ይቀባል፣ ጭምብል ያጠልቃል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስቀን የኖረ ነገር ያን ቀን ያስፈራ ነበር። ድብ ሲያልፍ ትከሻውን እናያለን። ጠንቋይ ስታልፍ ቦርሳዋን እናያለን። ፖሊሶቹ ብቻ ናቸው የራሳቸውን ፊት የያዙት። አንድ ሕፃን ፊኛው ቢፈነዳበት መንገዱ ሙሉ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሰው ተሳሳቀ፣ ግን ቶሎ ተወው።

"ሄላው!" ይጮሃል ኑረቲን ለሚያልፈው ሁሉ፣ የእኛን የቅበላ ጩኸት። "ሻይ! ትኩስ ሻይ! ጠንቋይት፣ መጥረጊያሽን አቁሚና ጠጪ!"

ጴጥሮስ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ጩኸቱ ረገበ። ኤቫልድ ራሱ ነው ትራክተሩን የሚነዳው። ግዙፉ ራስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ እየነቀነቀ፣ ቁልፉን ከጀርባው እንደያዘ መጣ። የሳቀ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ የቀይ አፍንጫውን ፕላስቲክ አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ጫማዎቹን አየሁ፤ ቡናማዎቹ ከፊት ነበሩ።

ሄድቪግ የምታየው ጆሮውን ነው። "አልተሰነጠቀም" አለችኝ። "እይው፣ ኦቲሊ፣ አልተሰነጠቀም።"

በዚያን ጊዜ አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያጠለቀ፣ ፊቱን ነጭ የተቀባ ልጅ እግር ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። አንድ ብርጭቆ አነሳ።

"ቪዲዮው ላይ ያለኸው አንተ ነህ?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ኑረቲን እየሳቀ። "ስኳር ስንት ላድርግልህ?"

ሁለቴ ነው የወጋው፤ ከጎድን አጥንቱ ስር። ድምፅ አልነበረውም። ብርጭቆው ነው የጮኸው። ልጁን ሁለት ፖሊሶች እዚያው አስፋልቱ ላይ ጣሉት፤ አረንጓዴው ፀጉር ተንከባሎ ትራክተሩ ስር ገባ። ከሁለት ሰዓት የባቡር መንገድ ርቆ የመጣ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መሆኑን በኋላ ሰማን። ጴጥሮስ ከፊቱ ቆሞ ነበር። ልጁ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም።

ሄድቪግ መሬት ላይ ተንበርክካ ሁለት እጇን ቁስሉ ላይ ጭና ያዘች። ሙጫ ስትጨምቅ እንደምትይዘው፣ ክርኗን ቀጥ አድርጋ፣ በሰውነቷ ክብደት። ከኋላ ያለው የሙዚቃ ጓድ የሆነውን ስላላወቀ ከበሮውን እየመታ ነበር። ሳቢሃ ስሙን ትጠራለች። ኤቫልድ ከትራክተሩ ዘሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ቆቡን አውልቆ የኑረቲን ራስ ስር አደረገለት። አምቡላንስ መጥቶ ሐኪሙ "አሁን ይልቀቁት፣ እናቴ" እስኪላት ድረስ እጇን አላነሳችም። ካለ በኋላም ወዲያው አላነሳችም።

አሁን የፆሙ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ኑረቲን አልሞተም። ጉበቱን ነክቶታል፤ ሁለቴ ቀደዱት፤ ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ሐኪሞቹም ገና ቃል አይሰጡም። ጴጥሮስ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሌላ ዓመት ቢሆን ማግሥቱን እናፈርሰው ነበር፤ ዘንድሮ እጁን ያነሳበት የለም። ኤቫልድ አንድ ቀን ሄድቪግ ኩሽና መጥቶ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። "መጀመሪያውኑ ለጋዜጣ ብናገር ኖሮ" አለ፣ ቀጠለና "ወይም አንቺ ዝም ብትይ ኖሮ" አለ፣ ቀጠለና ተወው። እሷም የአተር ሾርባ ሰጠችው፤ በላና ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ገብተን እንድናየው ፈቀዱልን። ኑረቲን ከስቷል፤ ጢሙ አድጎ ሌላ ሰው መስሏል። ሄድቪግ ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ በመንገድ ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻታለሁ። ካጠገቡ ስትደርስ ግን "ተናገር ባልልህ ኖሮ" ብቻ ነው የወጣት።

ዓይኑን ሳይገልጥ "እትዬ፣ አፉ የኔ ነው" አላት።

ከዚያ አንቀላፋ። እጁን ይዛ የጉብኝቱ ሰዓት እስኪያልቅ ተቀመጠች።

ክሌመንስ ስለ ልብሱ ሦስቴ ሰው ልኳል። በአመድ ረቡዕ ቄሱ የቀደሱት በአሮጌው፣ ጠርዙ በተበላው ልብስ ላይ ነው፤ ለፋሲካ ግን መልካሙ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ቅርጫቱን ፖሊሶቹ ያን ቀን ከጠረጴዛው ስር አንስተው ሱቁ ውስጥ አስገብተውታል፤ መዝጊያውም እንደተዘጋ ነው። ሳቢሃ ቁልፉን ይዛ መጥታ "ውሰጂና አውጪው፣ የእግዚአብሔር ቤት ዕቃ ነው" አለቻት።

ሄድቪግ ቁልፉን መልሳ በሳቢሃ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

"እሱ ሲከፍተው እወስደዋለሁ" አለች።

ትናንት በዚያ ሳልፍ በመዝጊያው ቀዳዳ አየሁ። ቅርጫቱ ከድንቹ ሣጥን አጠገብ ነው፤ ሰማያዊው ወረቀት አልተፈታም።